ቡናው ወደ ጀበናው ሲመለስ፦ ጎንደር ላይ የተሠራ የአንድ ፊልም የጉዳይ ጥናት

ቅዳሜ ማታ ነበር። ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሰፈር፣ የዳይሬክተራችን አክስት ግቢ ውስጥ ነጭ አንሶላ ሰቅለን ፕሮጀክተር አብርተናል። የሰፈሩ ልጆች ምንጣፍ ላይ ተደርድረዋል። ትልልቆቹ ከኋላ በርጩማ ላይ ናቸው። ቆሎ ይዞራል። ስድስት ሳምንት የለፋንበትን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የምናሳይበት ምሽት ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። አያቷ የሞተችባት የአሥር ዓመት ልጅ ወደ ሌላ ዓለም ትሄዳለች። አያቷን ታገኛታለች፤ ከዚያ ትመለሳለች። በዚያን ጊዜው ቅጂ መሻገሪያው ከፋሲል ግቢ በሮች አንዱ ነበር። ልጅቷ ስትቀርብ በሩ በሰማያዊ ብርሃን ይሞላል። ብርሃኑን ኮምፒውተር ላይ የሠራሁት እኔ ነኝ። አራት ሌሊት ፈጅቶብኛል።

ብርሃኑ ሲመጣ ልጆቹ ሳቁ። በክፋት አልነበረም፤ የምር አስቋቸው ነው። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ልጅ ዞር ብላ «በሩን ማን ነው ያበራው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ወንድሟ ቀበል አድርጎ «ይሄ እኮ ግንቡ ነው! ትናንት ከእማዬ ጋር አልፈንበታል» አላት።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የእነዚህ የሁለት ልጆች ንግግር ነው።

እኔ የፊልሙ ኤዲተር ነበርኩ። ሂደቱን በዝርዝር የምጽፈው፣ በስልክና በውሰት ካሜራ የሌላ ዓለም ፊልም ለመሥራት የሚነሱ ብዙ ወጣቶች ስለማውቅ ነው። አብዛኞቹ የሚጀምሩት እኛ ከጀመርንበት ነው፤ ከኢፌክቱ፣ ኮምፒውተር ላይ ከሚሠራው ምስል። የእኛ ሥራ ነፍስ የዘራው ኢፌክቱን ትተን ደፉን ስንይዝ ነው። ደፍ ያልኩት የበሩን ደፍ ነው። ተመልካቹ ከዚህ ዓለም ወደዚያኛው የሚረግጥባት ያቺ ጠባብ ቦታ።

የነበረን ነገር

አምስት ነበርን። ዳይሬክተር፣ ካሜራማን፣ ድምፅ የምትይዝ ልጅ፣ ሁሉን የሚያሯሩጥ ፕሮዳክሽን ማናጀር እና እኔ። ካሜራው የሠርግ ቪዲዮ ከሚሠራ ጓደኛ በውሰት የመጣ ነው። ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ አናገኘውም። ሁለት ኤልኢዲ መብራት፣ አንድ ትራይፖድ፣ አንድ ማይክ ነበረን። ገንዘቡን ከየኪሳችን አዋጣን። ከሱም አብዛኛው ለአረንጓዴው ጨርቅ፣ ለመብራት ኪራይና ለምሳ አለቀ።

አረንጓዴው ጨርቅ

የመጀመሪያው ሐሳብ ሌላውን ዓለም ሙሉ በሙሉ በግሪን ስክሪን መሥራት ነበር። ሲያወሩት ያምራል። ልጅቷን አረንጓዴ ጨርቅ ፊት ታቆማታለህ። ኮምፒውተሩ አረንጓዴውን ያነሳልሃል። በምትኩ የፈለግኸውን ሰማይ ትዘረጋለህ።

ሥራው ላይ ሲገባ ሌላ ነው። ጨርቁ ላይ ብርሃኑ እኩል መውደቅ አለበት። እጥፋት ካለው እያንዳንዱ እጥፋት የተለየ አረንጓዴ ይሆናል። ተዋናዩ ወደ ጨርቁ ከተጠጋ ደግሞ አረንጓዴው እየተንጸባረቀ ጉንጩን ይቀባዋል። ሰፊ ክፍልና ብዙ መብራት ይፈልጋል። እኛ የነበረን አንድ ሳሎን ነው።

ከሁሉም የባሰው ነጠላው ነው። ልጅቷ የአያቷን ነጠላ ለብሳ ነው የምትሄደው። ታሪኩ የቆመው እዚያ ላይ ነው። ነጠላ ደግሞ ስስ ነው፤ ከኋላው ያለው አረንጓዴ በድሩና በማጉ መሀል ሾልኮ ይታያል። ሶፍትዌሩን አረንጓዴውን አጥፋ ስለው ነጠላውንም አብሮ በላው። ትንሽ ስቀንስለት ነጠላው ተመለሰ፤ ግን የጎመን ቀለም ይዞ።

የካሜራውም ነገር አለ። ስልኮችና ርካሽ ካሜራዎች አብዛኛውን ጊዜ ቀለምን ከብርሃን አሳንሰው ነው የሚመዘግቡት። አራት ነጥቦች ለየራሳቸው ብርሃን ሲኖራቸው በቀለም ግን አንዱን ይጋራሉ። እንዲሁ ሲታይ ለዓይን አይታወቅም። ምስሉን ከቀለሙ ለይተህ ልትቆርጥ ስትሞክር ነው ዳሩ አይጥ የቀረጠፈው የሚመስለው። በሹሩባ ጫፍና በነጠላ ዘርፍ ላይ ይብሳል።

አንድ ቀን ዳይሬክተሩ ነጠላውን በጋቢ እንለውጠው አለ። ጋቢ ወፍራም ነው፤ ችግሩ ይቀላል። ድምፅ የምትይዘው ልጅ ማይኩን አስቀመጠች። «እኔ አያቴ ስትሞት የቀረኝ ነጠላዋ ነው። ሽታዋ አሁንም አለበት። በጋቢ አይሆንም» አለች። ወሬው በዚያው ተዘጋ። እኔም ነጠላውን በእጄ ፍሬም በፍሬም ስቆርጥ ከረምኩ።

ግንቡ

መሻገሪያው ፋሲል ግቢ ይሁን ስንል ማናችንም አልተከራከርንም። ጎንደር ተቀምጠህ ሌላ ምን ታስባለህ? ዐፄ ፋሲለደስ ከተማዋን በ1636 እ.ኤ.አ. ከቆረቆሩ ወዲህ ግቢው ላይ ነገሥታቱ እየተፈራረቁ ገንብተውበታል። 900 ሜትር ያህል የሚረዝም አጥር አለው። በሮቹ 12 ናቸው። ስማቸው ብቻውን ፊልም ነው፤ እምቢልታ በር፣ እርግብ በር፣ ተዝካሮ በር፣ እንቆዬ በር። ውስጥ ገብቶ መቅረጽ ፈቃድና ክፍያ ስለሚጠይቅ ከውጭ፣ ከአስፋልቱ በኩል፣ በማለዳ ቀረጽን። ድንጋዩ ላይ የጠዋት ጀምበር ሲያርፍበት እውነትም ያምራል።

ትንሹ ልጅ «ይሄ እኮ ግንቡ ነው» እስኪል ድረስ ያልታየን ነገር ነበር። ግንቡ ሌላ ዓለም የሚሆነው ከሌላ ዓለም ለመጣ ሰው ነው። ለቱሪስቱ ተረት ነው። ለእኛ ወደ ፒያሳ ስንወጣና ስንወርድ የምንታከከው አጥር ነው። እዚያ ሎሚ ይሸጣል፣ እዚያ ሰው ይቀጠራል። ሳናውቀው ከተማችንን በእንግዳ ዓይን ነበር የቀረጽናት። ይህ እስከ ዛሬ ያስቆጨኛል።

ከዚያ ምሽት በኋላ

ለአንድ ሳምንት አልተገናኘንም። ስንገናኝ ካሜራማኑ አንድ ታሪክ ይዞ መጣ። በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር። ወደ ብሔረ ብፁዓን ስለሄደው ስለ ባሕታዊው ዞሲማስ የሚተረከውን ያውቃል። ብፁዓን ያሉበት አገር ከወንዝ ማዶ ነው። ከወንዙ ላይ እስከ ሰማይ የሚደርስ የደመና ግድግዳ ቆሟል። ባሕታዊው መሻገር አቅቶት ይጸልያል። ከዚያ በወዲህና በወዲያ ዳር ያሉ ሁለት ዛፎች ጎንበስ ይላሉ። አንዱ አንስቶ ለሌላው ያቀብለዋል።

«ልብ በሉ» አለ ካሜራማኑ። «ከአገሩ በፊት መሻገሩን ነው ቁጭ ብሎ የሚተርከው።»

ያን ይዘን የምናውቃቸውን ፊልሞች እንደገና አየን። ስለ ሌላው ዓለም ሳይሆን ስለ ደፉ ብቻ። በ1939 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዘ ዊዛርድ ኦቭ ኦዝ» ውስጥ ልጅቷ የቤቷን በር ስትከፍት ቡናማው ዓለም ወደ ባለቀለም ይለወጣል። የቤቱ ውስጥ ግድግዳ ቡናማ ቀለም የተቀባ ነው። ጀርባዋን ለካሜራው ሰጥታ በሩን የምትከፍተው ቡናማ ቀሚስ የለበሰች ምትክ ተዋናይ ናት። ከዚያ ዋናዋ ተዋናይት ጁዲ ጋርላንድ በሰማያዊ ቀሚሷ ብቅ ትላለች። ፊልሙ ራሱ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ነው። ያቺ ቅጽበት ግን ከቀለም ባልዲና ከአንድ ትርፍ ቀሚስ የዘለለ ነገር የላትም።

የታርኮቭስኪ «ስቶከር» ደግሞ ይበልጥ ደነቀን። የወጣው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው፤ ፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስነት በተመዘገበበት ዓመት። ሦስት ሰዎች በባቡር ሐዲድ ላይ በትንሽ ጋሪ ወደ ተከለከለው ቦታ ይሄዳሉ። ካሜራው ፊታቸው ላይ ነው። የሐዲዱ ቋቋታ ብቻ ይሰማል፤ እየቆየም ወደ ሌላ ድምፅ ይለወጣል። ደርሰው ሲወርዱ የሚታየው ሣርና የወዳደቀ ብረት ነው፤ ጭራቅ የለም፣ የሚበራ ነገር የለም። እኛ ግን ሌላ ዓለም እንደገባን አምነናል፤ በመንገዱ ላይ ተሻግረን ጨርሰናል።

የእኛ ልጅ በሰማያዊው በር ስትገባ ስንት ጊዜ ይወስዳል ብዬ ቆጠርኩ። ሁለት ሰከንድ።

ጄ የምትባለው ቁልፍ

ሁለተኛው ነገር በአጋጣሚ መጣ። በኤዲቲንግ ሶፍትዌር ላይ ኤል የሚለውን ቁልፍ ስትጫን ምስሉ ወደ ፊት ይሄዳል። ጄን ስትጫን ወደ ኋላ ይጫወታል። ኤዲተር ቀኑን ሙሉ እነዚህን ሲደበድብ ነው የሚውለው። አያቷ በሕይወት እያሉ ቡና የሚቀዱበትን ትዕይንት እያየሁ አንድ ነገር አለፈኝና ጄን ተጫንኩ።

ቡናው ከስኒው ተነሳ። ቀጥ ብሎ እንደ ጥቁር ክር ወደ ጀበናው አፍ ገባ። ስኒው ባዶውን ቀረ። የእጣኑ ጢስ ከጣሪያው ወርዶ ማጨሻው ውስጥ ተሰበሰበ።

ዳይሬክተሩ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። «ቆይ! እስኪ ድገሚው!» አለኝ። ደገምኩት። ሦስተኛ ጊዜ ሲያይ ቁጭ አለ። «የዚያኛው አገር ሕግ ይሄ ነው» አለ። «እዚያ ሁሉም ነገር ወደ መጣበት ይመለሳል።»

ከዚያች ደቂቃ ወዲህ ፊልሙ ሌላ ሆነ። ሌላ ዓለም ለመሥራት ብዙ እንግዳ ነገር መከመር አያስፈልግም። አንድ ሕግ ለውጠህ ያንን ሳታወላውል መጠበቅ ይበቃል። እዚሁ ጎንደር ያለው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ገብታችሁ ጣሪያውን አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ሠዓሊው ሰማይን የሠራው ፊትና ክንፍ ብቻ ያላቸውን መላእክት በረድፍ በረድፍ እየደጋገመ ነው። አገራችን ውስጥ የተቀረጸው የሚጌል ሊያንሶ «ክረምብስ»ም እንዲሁ ነው፤ የወጣው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። ከጥፋት በኋላ ባለው ዓለም የፕላስቲክ መጫወቻና ተራ ዕቃ እንደ ቅርስ ይከበራል። ዕቃው ያው ነው፤ የተለወጠው የሚሰጠው ክብር ነው።

ሕጉ ታሪኩንም ጎተተው። ሁሉም ወደ መጣበት የሚመለስ ከሆነ፣ ነጠላውስ? ነጠላው የአያቷ ነው። ልጅቷ አያቷን ታገኛለች፤ ነጠላው ግን ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ወደ ቤቷ የምትመጣው ያለ እሱ ነው። ይህን ስናገኝ ድምፅ የምትይዘው ልጅ ምንም አልተናገረችም። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ቀረጻው

ሌላውን ዓለም እዚያው የዳይሬክተሩ አክስት ግቢ ውስጥ ቀረጽነው። በሦስት ቀን። ሰፈሩ ራሱ አዲስ ዓለም መባሉ እያደር ነው የገረመን።

ዘዴው እንዲህ ነው። ምስሉ በኋላ ተገልብጦ ስለሚጫወት፣ ልጅቷ ብቻ ወደ ፊት የምትሄድ እንድትመስል በቀረጻ ጊዜ ወደ ኋላ መራመድ አለባት። ሌላው ሰው እንደ ወትሮው ይሄዳል። ሲገለበጥ እሷ ወደ ፊት ትሄዳለች፤ ዓለሙ ሁሉ ወደ ኋላ። ልጅቷ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ስትለማመድ ዋለች። ወደ ኋላ ስትራመድ መጀመሪያ የሚያርፈው የእግር ጣት ነው፤ ተረከዝ ይከተላል። ወደ ፊት ስንራመድ ግን ተረከዛችን ነው ቀድሞ የሚያርፈው። ተገልብጦ ሲታይ እርምጃዋ ትክክል ነው፤ ግን እግሯ መሬቱን በደንብ የማያምነው ይመስላል። ለዚያ አገር እንግዳ መሆኗን ከዚህ የተሻለ የሚናገር ነገር አልነበረንም።

የቸገረን ንግግር ነው። ከንፈር ተገልብጦ ሲንቀሳቀስ ያስፈራል፤ እኛ ደግሞ ማስፈራራት አልፈለግንም። መላውን ያገኙልን አያቷን ሆነው የተወኑት የሰፈሩ እናት ናቸው። ትወና ሠርተው አያውቁም። «ምን ያስጨንቃችኋል ልጆቼ?» አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አደረጉ። በዚያ ዓለም ያለ ሰው ሁሉ አፉን በነጠላ ሸፈነ። ድምፁን ለብቻ ቀዳን። ተመልካቹ እንደ ሐዘን ወይም እንደ አክብሮት ያየዋል እንጂ እንደ ዘዴ አያየውም።

በጣም የምወደው ምስል ያላቀድነው ነው። እማማ ለዶሮዋ ማሽላ በትነው ነበር፤ ካሜራው ሳይጠፋ ቀርቶ ቀረጻት። ሲገለበጥ ዶሮዋ ጎንበስ እያለች ከአፏ አንድ አንድ ፍሬ እያወጣች መሬት ላይ ታስቀምጣለች። ከዚያ ፍሬዎቹ ሁሉ በአንዴ ተነስተው ወደ እማማ እጅ ይበራሉ። ስምንት ሰከንድ ነው። አንድ ፍሬም አልቆረጥኩም።

ነጠላው የሚመለስበት ትዕይንት አሥራ አንድ ጊዜ ተቀርጿል። በቀረጻው ነጠላው ከእማማ ትከሻ ተንሸራቶ ልጅቷ ላይ ይወድቃል። ሲገለበጥ ከልጅቷ ላይ ተነስቶ፣ አየር ላይ ተዘርግቶ፣ እማማ ትከሻ ላይ ያርፋል። ነፋሱ አሥር ጊዜ አበላሸብን። በአሥራ አንደኛው ረጋ። የነጠላው ጥለት ለአንድ አፍታ ፊቷን ዳሰሳትና ሄደ።

ጓዳው

ደፉን በመጨረሻ ነው የሠራነው። ግንቡን ትተን ወደ ቤት ገባን። በልጅነታችን ሁላችንንም ያስፈራን የነበረው ጨለማ ቦታ ጓዳ ነው። ልጅቷ ከለቅሶው መሀል ሾልካ ጓዳ ትገባለች፤ በሩን ትዘጋለች። ስክሪኑ ይጨልማል። ከዚያ በኋላ ያለው ድምፅ ብቻ ነው። ውጭ ባጃጅ ያልፋል። ሰው ያወራል። ጎረቤት ሙቀጫ ይወቀጣል። ድምፁ አንድ በአንድ ይቀንሳል። ሙቀጫው ብቻ ይቀራል፤ እሱም እየዘገየ፣ እየዘገየ ይሄድና ይቆማል። ትንፋሿ ይሰማል። አርባ ሰከንድ ጨለማ። ፊልም ላይ አርባ ሰከንድ ጨለማ ዘለዓለም ነው፤ ዳይሬክተሩ እንዲያጥር ሦስት ጊዜ ለምኖኛል።

ከዚያ የአያቷ ድምፅ ከጨለማው ውስጥ «ተረት ተረት» ይላል። ልጅቷ «የላም በረት» ትላለች። የጓዳው በር ይከፈታል። ግቢው ያው ግቢ ነው። ቡናው ወደ ጀበናው እየገባ ነው።

ስትመለስም እንዲሁ ነው። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።» ስንቱን ጊዜ ሰምተነዋል። መልሱ የሚለውን ቃል ግን በዚያ ሕግ ዓይን የሰማነው ያን ጊዜ ነው።

ያልተሳካልን

አንድ ባጃጅ ወደ ኋላ የሚሄድበት ምስል አለ። ሥራ አልሠራም። መኪና በማርሽ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ተመልካቹ ምንም እንግዳ ነገር አላየበትም። መሀሉ ላይም ልጅቷ ሰፈሩን የምትዞርበት ክፍል ረዝሟል፤ አዲስ ዘዴ ያገኘ ሰው መቼ እንደሚያቆም አያውቅም። መብራታችን ደካማ ስለሆነ የጓዳው በር ሲከፈት ያለው ንጣት ከልክ በላይ ነው፤ ላስተካክለው ሞክሬ አልቻልኩም። አረንጓዴው ጨርቅ ላይ ያወጣነው ብርም አልተመለሰም።

ሁለተኛው ምሽት

ያው ግቢ፣ ያው አንሶላ፣ ልጆቹም ያው። ባለፈው የጠየቀችኝ ልጅ አሁንም ከፊት ተቀምጣለች። ጨለማው ሲመጣ ትንሽ ተንሾካሾኩ፤ ከዚያ ዝም አሉ። ሙቀጫው እየዘገየ ሲሄድ ከኋላ ያሉት ትልልቆቹም ቆሎ መቆርጠም አቆሙ።

«ተረት ተረት።»

ልጆቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ «የላም በረት!» አሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ጩኸታቸው የፊልሟን ልጅ መልስ ሙሉ በሙሉ ዋጠው፤ አልተሰማችም። በሩ ተከፈተ። ቡናው ተነሳ። የሳቀ የለም። ያቺ ልጅ ወደ እኔ አልዞረችም።

በማግስቱ ኮምፒውተሩን ከፍቼ የልጅቷን «የላም በረት» ከድምፁ መስመር ላይ ቆርጬ አወጣሁት። አሁን እማማ ከጨለማው ውስጥ «ተረት ተረት» ይላሉ። ከዚያ ለአራት ሰከንድ ምንም ድምፅ የለም።